ወዳጅ በተቃዋሚ ወንበር፣ ወዳጅ በሚኒስትር ወንበር፦ ፊሊፕ ኖኤል-ቤከርና የኢትዮጵያ ጉዳይ

በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን አንድ የቆየ ልማድ አለን። የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ስለ አገራችን አንድ በጎ ቃል ሲናገር ስሙን እናስተጋባለን፣ ፎቶግራፉን እንለጥፋለን፣ «የኢትዮጵያ ወዳጅ» የሚል ማዕርግ እንሰጠዋለን። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ አና ጎሜዝን እንደዚያ አደረግናት፤ ይገባትም ነበር። በ2007 ጥቅምት መጀመሪያ ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሲያልፍ በየከተማው ተቃቅፈን ደስታችንን ገለጽን፤ ረቂቁ ሴኔት ገብቶ ሲቀር ደግሞ አንገታችንን ደፍተን ተለያየን። ወዳጆቻችንን ስናመሰግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ሳንጠይቅ እናልፋለን። ይህ ሰው ዛሬ የሚናገረው ሥልጣን ስለሌለው ነውን? ነገ ሚኒስትር ቢሆን ምን ያደርግልናል?

ይህን ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ልናየው ወደድን። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙ ፊሊፕ ኖኤል-ቤከር። የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር፤ ሚኒስትርም ሆነ፤ የኖቤል የሰላም ሽልማትም ተቀበለ። ታሪኩን የምንጀምረው ግን ከለንደን ሳይሆን እኛ ከምንኖርባት ከስቶክሆልም ነው፤ ዓለም ስሙን በመጀመሪያ የሰማው እዚህ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫልሃላቬገን ከሚባለው ሰፊ ጎዳና ዳር ከሩቅ ሲያዩት የጥንት ምሽግ የሚመስል፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ስታዲየም አለ። ቶርበን ግሩት የተባለ አርክቴክት ለ1912ቱ የኦሊምፒክ ጨዋታ ያነጸው ነው። የስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ይህን ስታዲየም የምናውቀው ሯጮቻችን በመጡ ቁጥር ባንዲራ ይዘን የምንሰለፍበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቅዝቃዜው ሲበረታም በሥሩ ያለው የባቡር ጣቢያ ብዙ ጊዜ መጠለያችን ሆኗል። ሐምሌ 10 ቀን 1912 በዚህ መም ላይ የ1,500 ሜትር የፍጻሜ ውድድር ተደረገ። ከተሰለፉት 14 ሯጮች ሰባቱ አሜሪካውያን ነበሩ። ከእንግሊዝ በኩል ከቀረቡት መካከል ሁለት ተማሪዎች ይገኙ ነበር፤ አንዱ የኦክስፎርዱ አርኖልድ ጃክሰን፣ ሌላው በዚያን ጊዜ ፊሊፕ ቤከር ብቻ ይባል የነበረው የ22 ዓመቱ የካምብሪጅ ተማሪ። ቤከር የራሱን ዕድል ትቶ ወጣቱ ጃክሰን በአሜሪካውያኑ መካከል እንዳይታፈን ለእርሱ ሮጠ። ጃክሰን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ሁሉንም ቀድሞ በ3 ደቂቃ ከ56.8 ሰከንድ የወርቁን ሜዳሊያ ወሰደ። ቤከር ስድስተኛ ወጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ በአንትወርፕ እርሱ ራሱ በዚሁ ርቀት የብር ሜዳሊያ አግኝቷል፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያም የኖቤል ሽልማትም የወሰደ እስከ ዛሬ ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው የለም።

ሰውየው ከድሀ ቤት አልመጣም። አባቱ ጆሴፍ አለን ቤከር በካናዳ የተወለደ ባለ ፋብሪካ፣ የኩዌከር እምነት ተከታይና የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ነበር። ኩዌከሮች ጦር መሣሪያ አንነካም የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ልጁ እንደ እምነቱ ጠመንጃ አልያዘም፤ ቤቱ ተቀምጦም ጸሎት አላደረሰም፤ የእምነት ባልደረቦቹን አሰባስቦ የአምቡላንስ ቡድን አቋቋመና ወደ ጦሩ ግንባር ሄደ። ከ1915 ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ያገለገለው በኢጣልያ ግንባር ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ለቁስለኞቹ ላደረገው አገልግሎት ለጀግንነት የሚሰጠውን የብር ሜዳሊያና የጦር መስቀል ሸልሞታል። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንሻለን፤ ኋላ ሙሶሊኒን ሲቃወም ኢጣልያን የሚጠላ ሰው ሆኖ አይደለምና።

ከጦርነቱ በኋላ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ከሎርድ ሮበርት ሴሲል ጋር ሠራ፤ የመንግሥታት ማኅበር ሲመሠረት በጽሕፈት ቤቱ ተቀጠረ፤ ከኖርዌያዊው ናንሰን ጋር የስደተኞችን ጉዳይ ተከታተለ፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲም ስለ መንግሥታት ግንኙነት አስተማረ። በ1929 በሌበር ፓርቲ ስም ከኮቨንትሪ ከተማ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። በ1931 ፓርቲው ሲፈራርስ ወንበሩን አጣ። በ1935 ኅዳር እንደገና ተወዳደረ፤ እንደገና ተሸነፈ። እኛን የሚመለከተው ዘመን የሚጀምረው እንግዲህ ይህ ሰው ያለ ወንበር በቀረበት ጊዜ ነው።

የወልወል ግጭት በ1934 ታኅሣሥ ከተነሣ ወዲህ እንግሊዝ አገር ውስጥ የኢትዮጵያ ጉዳይ የውጭ ወሬ ብቻ አልነበረም። ሎርድ ሴሲል የመራውና ኖኤል-ቤከርም ከደጋፊዎቹ አንዱ የነበረበት የመንግሥታት ማኅበር ደጋፊዎች ድርጅት በየቤቱ እየዞረ የሕዝቡን አሳብ ሲጠይቅ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መልስ ሰጡ። ውጤቱ በ1935 ሰኔ መጨረሻ ሲገለጽ እጅግ የሚበዛው ሕዝብ በወራሪ መንግሥት ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲጣል የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ። ኖኤል-ቤከር በየመድረኩ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ ማኅበሩ ኢትዮጵያን ካልጠበቀ ማንንም አይጠብቅም።

የሌበር ፓርቲ በዚያው ዓመት በብራይተን ከተማ ጉባኤውን አደረገ። የፓርቲው መሪ ጆርጅ ላንስበሪ በማናቸውም መልኩ ጦርነትን የሚያወግዝ ሽማግሌ ስለነበረ ማዕቀቡ ወደ ጦርነት ይወስዳል ብሎ ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ከሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች አንዱ፣ ኧርነስት ቤቪን የተባለው ግዙፍ ሰው፣ ተነሥቶ ሽማግሌውን በሰው ፊት እንዳይነሣ አድርጎ መታው። ጉባኤው ከ2 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ለ1 መቶ ሺህ ገደማ ማዕቀቡን ደገፈ፤ ላንስበሪ በሳምንቱ መሪነቱን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የእንግሊዝ ሠራተኛ ለኢትዮጵያ ሲል የራሱን መሪ ጣለ ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ቤቪን የሚለውን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በሥልጣን ላይ ያለው የባልድዊን መንግሥት የሕዝቡን ስሜት አይቶ ከመንግሥታት ማኅበር ጋር ነኝ እያለ በኅዳር ምርጫውን አሸነፈ። ወር ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ፓሪስ ላይ ተቀምጦ የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ የሚያካፍል ውል አዘጋጀ። ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆርም ታኅሣሥ 18 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። እኛ በጋዜጠኝነት ያደግን ሰዎች አንድ የጋዜጣ ወሬ ሚኒስትር ሲጥል ስናይ በምቀኝነት ጭምር እናነበዋለን። ሚኒስትሩ ይነሣ እንጂ ፖሊሲው አልተነሣም። ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። የጦር መሣሪያ እገዳው ግን የራሱ ፋብሪካ የሌለውን ኢትዮጵያዊ ክፉኛ ጎዳው። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያ ክረምት በር ያላንኳኩበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ስዊድን ውስጥ ያን ጊዜ የሚታወሰው በመልካ ዲዳ ስም ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የኢጣልያ አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደበደቡ። በድንኳኑ የተኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አንድ ሰው ሞተ። ኖኤል-ቤከር ራሱ በኢጣልያ ግንባር አምቡላንስ የመራ ሰው መሆኑን ለሚያስብ፣ ይህ ወሬ በእርሱ ጆሮ እንዴት ሆኖ እንደገባ መገመት አያዳግትም።

ማይጨው በመጋቢት መጨረሻ ሆነ፤ አዲስ አበባ ግንቦት 5 ቀን ተያዘች። ሰኔ 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በማኅበሩ ፊት ቆሙ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ንግግራቸውን ለማቋረጥ ሞከሩ። (የሙያ ባልደረቦቻችን ብለን ለመጥራት አፋችን አልታዘዘንም።) ከአራት ቀን በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ፤ ውሳኔው በሥራ ላይ የሚውለው ሐምሌ 15 ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ በደርቢ ከተማ የማሟያ ምርጫ ተደርጎ ኖኤል-ቤከር አሸነፈ። የከተማዋ እንደራሴ የነበረው ሚኒስትር የበጀት ምስጢር አውጥቷል ተብሎ በመውረዱ የተከፈተ ወንበር ነበር። ሰውየው ለኢትዮጵያ ሊናገር የሚችልበት ወንበር ሲገኝ ማዕቀቡ ሊነሣ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እርሱ በምክር ቤት ያገኘው ሥራ ያለቀለትን ጉዳይ አላለቀም ማለት ሆነ። ይህን ሥራ እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የእርሱ ቡድን ትንሽ ነበረች፤ በጎኑ ከሚናገሩት መካከል የዩኒቨርሲቲዎች እንደራሴዋ ኤሊኖር ራትቦን ትገኛለች፤ ከምክር ቤቱ ውጭ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በጋዜጣዋ ትጮህ ነበር። ኢደን በ1938 የካቲት ከቻምበርሊን ጋር በኢጣልያ ነገር ተጣልቶ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቻምበርሊን በሚያዝያ ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈረመ። በኅዳር ወር ምክር ቤቱ በዚሁ ስምምነት ሥራ ላይ መዋል ሲከራከር ሌበር ተቃወመ፣ ተሸነፈም። እንግሊዝ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብላ በሕግ ተቀበለች።

የምክር ቤት ድምፅ በስደተኛ ኪስ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ነገር እናንሣ። ባዝ ከተማ በችግር የሚኖሩት ንጉሠ ነገሥት ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለውን ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ እንዲከፍላቸው በለንደን ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። በ1938 ሐምሌ ተፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ በታኅሣሥ ሲሰማ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ በሕግ ተቀብሎ ነበርና ዳኞቹ ገንዘቡ የኢጣልያ ንጉሥ ነው ብለው ፍርዱን ገለበጡት። ኅዳር ላይ እጃቸውን ለስምምነቱ ያነሡት እንደራሴዎች ይህን ዕዳ አስበውት ይሆን? አይመስለንም።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች አንድ ሕግ አወጡ፤ ከ1937 ጀምሮ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ይቆረጥለት ጀመር። መንግሥትን ተቃወም ተብሎ በመንግሥት የሚከፈል ሰው! በአገራችን በ2005 የተመረጡት የተቃዋሚ መሪዎች ምክር ቤት እንግባ አንግባ ሲሉ ወር ሳይቆይ ወኅኒ ገቡ። በ2010 ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የተረፈው የአቶ ግርማ ሰይፉ አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ በ2015 እርሱም ጠፋ። ኖኤል-ቤከር ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ በሰላም ሄዷል፤ በሦስተኛው ከገባበት የደርቢ ወንበር ደግሞ እስከ 1970 ለ34 ዓመታት አልተነሣም። ይህን የምንጽፈው እንግሊዝን ለማወደስ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለውዳሴ አይመችምና።

በ1940 ሰኔ ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ትናንት የማይታወቁት ንጉሠ ነገሥት በወር ውስጥ ካርቱም ተገኙ። በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ኖኤል-ቤከር በቸርችል የጦርነት ዘመን መንግሥት ከ1942 ጀምሮ በመጓጓዣ ሚኒስቴር ሠራ። በ1945 ሐምሌ ሌበር ምርጫውን በትልቅ ድምፅ ሲያሸንፍ የብራይተኑ ቤቪን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኖኤል-ቤከር ደግሞ በዚያው ሚኒስቴር የቤቪን ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ። በ1935 ለኢትዮጵያ የተከራከሩ ሁለት ሰዎች የእንግሊዝን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያዙ። አዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ ምን ትመኝ ነበር?

በዚያን ጊዜ ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነበረች፤ በ1942ና በ1944 ከእኛ መንግሥት ጋር በተፈረሙት ስምምነቶች ለጊዜው የተያዘች ናት ተብሎ ነበር። ሰኔ 4 ቀን 1946 ቤቪን በምክር ቤቱ ቆሞ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ የኢጣልያ ሶማሌላንድና ከኢትዮጵያ አዋሳኝ የሆነው ምድር አንድ ላይ ተጠቃልለው በአንድ ሞግዚት አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ያቀረቡትን አሳብ ተከላከለ። ሞግዚቷም እንግሊዝ እንድትሆን ይመኝ ነበር። ለእውነት ስንል ኢትዮጵያ ከተስማማች ማለቱን መጻፍ አለብን። ኢትዮጵያ ግን አልተስማማችም፤ ታላላቆቹ መንግሥታትም አሳቡን አልተቀበሉትም። ኦጋዴን የተመለሰችው በ1948 ነው፤ ሐውድና የተከለለው ምድር ደግሞ በ1954 ኅዳር በተፈረመ ውል በ1955 ተመለሰ። በቤቪን አሳብ ውስጥ የሶማሌ እረኛ ከግመሉ ጋር ድንበር ሳይከለክለው ይዘዋወር የሚል እውነተኛ ነገር ነበረበት፤ ይህን የሚክድ የእኛ ወገን ካለ ተሳስቷል። ሆኖም የአሥር ዓመት ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በሆር ጊዜ የታየው ካርታ በሌላ ቀለም ተሥሎ የመጣ ቢመስለው የሚወቀስ አይመስለንም።

ሚኒስትር ዴኤታው በዚህ ጊዜ ምን አደረገ? ሥልጣኑን አልለቀቀም፤ በምክር ቤትም አለቃውን አልተቃወመም። በእንግሊዝ ሥርዓት ሚኒስትር የሆነ ሰው የመንግሥትን አሳብ ይዞ መቆም ግዴታው ነው፤ ካልፈለገ ይወጣል። ኖኤል-ቤከር አልወጣም። እርሱ በዚያ ሰሞን ልቡ ያለው በአዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላይ ነበር፤ የድርጅቱን ምሥረታ ካዘጋጁት የእንግሊዝ ሰዎች ዋነኛው እርሱ ነው። ዓለምን ለማዳን የሚሠራ ሰው ለአንድ አገር አውራጃ ሥልጣኑን አይለቅም ብለው የሚከራከሩለት ይኖራሉ። እኛ ይህን ክርክር በሌላ አፍ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ ሚኒስትር ከሆኑ የድሮ ጓደኞቻችን ሰምተነዋል።

ከዚያ የአየር ኃይል ሚኒስትር ሆነ፤ ጠመንጃ አልይዝም ያለው ሰው በጦር አውሮፕላን ላይ ተሾመ። በ1947 የኮመንዌልዝ ጉዳዮች ሚኒስትር ሲሆን በሥሩ የነበሩት አገሮች ሕንድና ፓኪስታን ብቻ አልነበሩም፤ ከደቡብ አፍሪካ አጠገብ ያለችው ቤቹአናላንድም ነበረች። የሕይወቱን ክፉ ገጽ የምናገኘው እዚህ ነው፤ በስደት የሚኖር ሰው ይህን ገጽ ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

የባንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ ሰሬትሴ ካማ ለንደን ውስጥ ሕግ ሲማር በ1948 መስከረም ሩት ዊልያምስ የተባለች እንግሊዛዊት አገባ። አጎቱ ተቆጣ፤ ሕዝቡ ግን በአደባባይ ሸንጎ ተሰብስቦ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1949 ሰኔ ከነሚስትህ ንጉሣችን ነህ አለው። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይገባ ነበር። የዘር መድልዎን ሕግ ማድረግ የጀመረው የደቡብ አፍሪካው የማላን መንግሥት ግን በድንበሩ ላይ ነጭ ሚስት ያገባ ጥቁር ንጉሥ አላይም አለ። እንግሊዝ ከጦርነቱ ደክማ የወጣች አገር ስለሆነች የደቡብ አፍሪካን ወርቅና ዩራኒየም ትፈልግ ነበር። አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ጉባኤው ሰሬትሴ ለመንገሥ የሚበቃ ሰው መሆኑን፣ እንቅፋቱ የጎረቤት አገሮች ቁጣ መሆኑን የሚያሳይ ዘገባ አቀረበ። መንግሥት ይህ እውነት እንዳይወጣ ዘገባውን ደበቀው።

በ1950 የካቲት ሰሬትሴን ለንጋግር ብሎ ወደ ለንደን የጠራው ኖኤል-ቤከር ነው። የካቲት 16 ቀን ቢሮው አስቀምጦት ዙፋኑን ቢተውና እንግሊዝ አገር ቢኖር በየዓመቱ 1,100 ፓውንድ እንደሚከፈለው ነገረው። ሰሬትሴ አልሸጥም አለ። በሳምንቱ ምርጫ ተደረገ፤ ኖኤል-ቤከር ከቦታው ተነሥቶ ፓትሪክ ጎርደን ዎከር ተተካ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ሰሬትሴ ለአምስት ዓመት አገሩ እንዳይገባ የተወሰነበት መሆኑን የነገረው ይህ ተተኪ ነው። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ሌላ ሰው ስለሆነ ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ኖኤል-ቤከርን በዚህ ነገር አያነሡትም። መንገዱን የጠረገው ግን እርሱ ነው፤ ለካቢኔው ሰሬትሴ አይታወቅ የሚለውን አሳብ ይዞ የገባው ሚኒስትር እርሱ ነውና። በ1936 ንጉሥ በስደት ሲኖር ያየ ሰው፣ በ1950 ንጉሥን ወደ ስደት ጠራ።

ለምን? ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም። በካቢኔው ውስጥ ንግግሩ የሚረዝም፣ ውሳኔው የሚያጥር ሰው ይባል ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አትሊም አላደነቀውም፤ ከምርጫው በኋላ የነዳጅና የኃይል ሚኒስትር አድርጎ ከካቢኔው አስወጣው። ባለሙያዎቹ ይህን ካላደረግህ ደቡብ አፍሪካ ከኮመንዌልዝ ትወጣለች፣ ቤቹአናላንድንም ትውጣለች ብለው ወረቀት ሲያቀርቡለት የሚመልሰው ወረቀት አልነበረውም። ተቃዋሚ ሳለ ወረቀቱን የሚጽፈው እርሱ ነበር። አሁን ወረቀቱ ተጽፎ ይመጣለታል። ስለ ሥልጣን ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ለእኛ ግን ይህ አንድ ልዩነት ከብዙዎቹ ይልቅ ያስረዳናል።

በ1951 ሌበር ሲወድቅ ሰውየው ወደ ተቃዋሚ ወንበር ተመለሰ፤ አንደበቱም አብሮት ተመለሰ። ስለ ትጥቅ ቅነሳ ሌሊትና ቀን ሠራ፤ በ1958 ያሳተመው ስለ ጦር መሣሪያ እሽቅድምድም የሚናገረው መጽሐፍ በዓመቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ስሙን በዓለም አናኘው። (ብዙ ወገኖቻችን ሽልማቱ ስቶክሆልም የሚሰጥ ይመስላቸዋል፤ የሰላሙ የሚሰጠው ኦስሎ ነው። ተሸላሚነት ለሰላም ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ከ2019 ወዲህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብናል።) በ1956 እንግሊዝ ስዊዝን ስትወር፣ ያውም በዚያው ለእኛ ሲል ሥልጣን ለቆ በነበረው በኢደን ትእዛዝ፣ ኖኤል-ቤከር ከተቃወሙት ጋር ነበር። ልጁ ፍራንሲስም እንደ አያቱና እንደ አባቱ የምክር ቤት አባል ሆነ። ሽማግሌው በ1970 ከደርቢ ወንበሩ በፈቃዱ ወረደ፣ በ1977 የሎርድነት ማዕርግ ተሰጠው።

አሁን ይህን ሰው ምን ብለን እንጥራው? የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር፤ ይህን የሚከለክለው የለም። በ1935ና በ1938 ያለ ምንም ጥቅም ከእኛ ጎን ቆሟል። በ1946 ሲያስፈልገን አልተገኘም። እኛ ዛሬ የየአገሩን እንደራሴ ደጅ ስንጠና ፎቶግራፍ ከመነሣታችን አስቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ጌታዬ፣ ፓርቲዎ ሲያሸንፍ ይህን ቃል በጽሑፍ ይዘን እንምጣ ወይ? ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ላንድ እንደራሴ ብናቀርብለት ሣቀና ቡና ጋበዘን። ቡናው መልካም ነበር።

ኖኤል-ቤከር የመጨረሻ መጽሐፉን በ1979 ሲያሳትም 89 ዓመቱ ነበር። የመረጠው ርእስ በ1932 እና 1933 ጄኔቫ ላይ የተደረገው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ለምን እንደከሸፈ ነው፤ በወጣትነቱ ሮጦ የተሸነፈበትን ውድድር በሽምግልናው ዙር በዙር ቆጠረው። ጥቅምት 8 ቀን 1982 ለንደን ውስጥ በ92 ዓመቱ ሞተ። 1,100 ፓውንዱን አልቀበልም ያለው ሰሬትሴ ካማ በ1956 የዙፋን መብቱን ትቶ እንደ ማንኛውም ዜጋ አገሩ ገባ፤ በ1966 ነጻ የወጣችው ቦትስዋና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1980 ሐምሌ በሥልጣኑ ላይ እንዳለ አረፈ፤ የተቀበረውም ሴሮዌ ላይ፣ በአባቶቹ መቃብር ነው።